መልስ ያልሰጠው ሽቦ

ኤሊፋሌት ክሬን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሞቶ ተገኘ። የተገኘው ደግሞ ቆሞ ነው። ሰውን ሁሉ ያስደነገጠው ይኸው መቆሙ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡሩ ከመጠለያው የድንጋይ ግድግዳ ጋር አጣብቆት ስለነበር መውደቂያ እንኳ አላገኘም።

ኢንስፔክተር ኮርማክ ሺሃን ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የሃርዊክ ከተማ ግማሹ ሕዝብ በኮረብታው ሥር ተሰብስቦ አንገቱን ያሰግጋል።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ። «አውሬውን ሲያለማምድ በላው።»

ሺሃን አልፎት ገባ። ሬሳውን አየ፤ ሐዲዱን አየ፤ ከዚያ ፉርጎው ላይ ወጥቶ የነጂው ቦታ ላይ ቆመ። ሬሳውን ያገኘውን መካኒክ፣ ሄንሪክ ዳልን፣ አስጠራው። ዳል ረጅም፣ ፀጉሩ እንደ ገለባ የነጣ ኖርዌያዊ ነው። 

«ይህ ነገር የሚነዳው በምንድን ነው?»

«በእጀታ ነው። እዚህ ቀዳዳ ውስጥ ይሰካና ሲዞር ይሄዳል። መልሰው ሲያዞሩት ይቆማል።»

«እጀታው የታለ?»

ዳል ዙሪያውን አየ። ድንገት ፊቱ ተለዋወጠ። የነሐሱ እጀታ ከበሩ አጠገብ፣ ዘወትር በሚሰቀልበት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«አንተ ነህ የሰቀልከው?»

«እኔ? እኔማ ሳየው እየጮኽኩ ወጣሁ እንጂ ምኑን ነካሁት!»

«እንግዲህ አቶ ክሬን ከሞተ በኋላ ሄዶ አልሰቀለውም» አለ ሺሃን። ወደ ፖሊሱ ዞረ። «ሰዎቹን መልሳቸው፤ በሩንም ዝጋ። አደጋ አይደለም።»

ክሬን የሃርዊክ ከተማ ኩራት ነበር። በማሳቹሴትስ ባሉ የባቡር ጣቢያዎች ግማሽ ያህሉ የሚነጋገሩት እሱ በፈለሰፋቸው የቴሌግራፍ መሣሪያዎች ነው። አሁን ደግሞ ያለ ፈረስና ያለ እንፋሎት ኮረብታ የሚወጣ ባቡር ሠርቶ፣ በዚያው ሳምንት አገረ ገዢው በተገኙበት ሊመረቅለት ቀን ተቆርጦ ነበር። የከተማው የሙዚቃ ቡድን ሳይቀር ሰልፍ ሲለማመድ ነው የሰነበተው።

ሺሃን መካኒኩን ይዞ ዲናሞው ወዳለበት ቤት ሄደ። ከመጠለያው በጣም የራቀ አይደለም፤ ግን መሃሉ ላይ የከሰል ክምር ስላለ አይተያይም።

«ባቡሩ ከዚህ ኃይል ካልተላከለት አይነቃነቅም አይደል?»

«አይነቃነቅም።»

«የምትልከው ደግሞ አንተ ነህ።»

«ሲደወልልኝ ነው የምልከው!» አለ ዳል። «መጠለያው ውስጥ የደወል መምቻ አለ። እሱን ሲመታልኝ እከፍታለሁ፤ ደግሞ ሲመታ እዘጋለሁ። ዛሬም ተደወለ፤ ከፈትኩ። ቆይቶ ተደወለ፤ ዘጋሁ። ከሁለቱ ከሰል ጨማሪዎች ጋር ዳማ ስንጫወት ነበር፤ ይጠይቋቸው።»

ጠየቃቸው። ሁለቱም ዳል ከቦታው እንዳልተነሳ፣ እንዲያውም ጨዋታውን ተሸንፎ ሲነጫነጭ እንደነበር ነገሩት።

ሺሃን ሊወጣ ሲል ዳል ጠራው። «አንድ ነገር ግን… ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። አቶ ክሬን ደወል ሲመታ ይጎተታል። መሣሪያውን ሠራው እንጂ እጁ ሰነፍ ነው፤ ሁልጊዜ እንስቅበት ነበር። የዛሬው ግን ጥርት ያለ ነበር። ከሰል ጨማሪው ‹ዛሬ ጌታው ምን ነካው?› ብሎኛል።»

ከዳል ይልቅ ከተማው ሁሉ የጠረጠረው ጆታም ብላይን ነበር። የፈረስ ትራሙ ሁሉ የብላይ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «ያን ሰውዬ በገዛ ባቡሩ ነው የማስጨፈልቀው!» ብሎ ዝቷል። ሺሃን በማግስቱ ቤቱ ሲደርስ ሰውየው ባቄላ በአሳማ ሥጋ እያጣጣመ ነበር።

«አንድ እብድ ሞተ ብለህ ነው ከምሳዬ የምታስነሳኝ?» አለ ብላይ አፉን ሳያብስ።

«አልተነሱም እኮ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«አያገባህም።»

«በገዛ ባቡሩ ተጨፍልቆ ነው የሞተው፣ አቶ ብላይ። እንዳሉት።»

«ብዬ ነበር። እግዜር ሰማኝ። እግዜርን እሰረው!»

ሺሃን እግዜርን ትቶ ብላይን አሰረው። ብላይ እስር ቤት ያደረው ፈረሶቹን ማን ያበላል እያለ ሲሳደብ ነው። ሲነጋ ጠበቃው መጣ፤ ተንሾካሾኩ፤ ብላይ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ሺሃንን ወደ ጥግ ጠራው።

«ፕሮቪደንስ ከተማ ነበርኩ» አለ በዝግታ። «አንድ የባቡር ሠሪ ዘንድ። አምስት ሰዎች አይተውኛል፤ ስማቸውን እሰጥሃለሁ።»

«ምን ሊያደርጉ ሄዱ?»

«ልገዛ።»

«ምን ሊገዙ?»

ብላይ ዙሪያውን ገላመጠ። «የኤሌክትሪክ ትራም ነዋ! ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ልክ ነበር። ለሰው ካወራህ ግን ፈረሶቼ ሳይቀሩ ይስቁብኛል።»

ሺሃን ስሞቹን አጣራ፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። ብላይን ለቀቀውና ወደ ሟቹ ቤት አመራ።

ወይዘሮ ሎራና ክሬን ጥቁር ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ቤቱ ምንጣፉ ወፍራም፣ ሰዓቱ ትልቅ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው።

«ባለቤትዎን የሚጠላ ሰው ያውቃሉ?»

«ከሚወዱት ብንጀምር ቶሎ እንጨርስ ነበር» አለች። ከዚያ በራሷ አነጋገር የደነገጠች ይመስል አንገቷን አቀረቀረች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።»

«እሑድ ለምን ወደ መጠለያው ሄደ? የዕረፍት ቀን ነው።»

«ሰው ቀጥሮ ነበር። ‹ከመስመሩ ላይ አንድ ሰው ስለ መሣሪያዬ ወሬ ይዞልኝ ይመጣል› ብሎ ደስ እያለው ወጣ።»

«የትኛው መሣሪያ?»

«ቤቱ ሙሉ መሣሪያ ነው፣ ኢንስፔክተር። ስለ የትኛው እንደሚያወራ መጠየቅ ከተውኩ ቆየሁ።»

ሺሃን በመንገዱ ላይ ሁለቱን ነገር አጋጠመ። ቀጠሮ የያዘው ሰው ከቴሌግራፍ መስመሩ ላይ ነው። ደወሉን የመታው እጅ ደግሞ የለመደ እጅ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ቴሌግራፈኛ ነው።

የሃርዊክ ቴሌግራፈኛ ኦስካር ፒም ይባላል። ጉንጩ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ የማይጠፋ፣ ወሬ የማይጠግብ ሰው ነው። ሺሃን የደወሉን ነገር ሲነግረው ፒም ወንበሩን አስጠጋ።

«እጅ እንደ ድምፅ ነው፣ ኢንስፔክተር። ማን እንደሚመታ ሳላይ አውቃለሁ። በዚህ መስመር ላይ አብዛኛው ሰው ሲመታ ሚስማር የሚቸነክር ነው የሚመስልዎ። ጥርት ያለ እጅ ያለን ሁለት ብቻ ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ እሑድ ግን ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም፤ ጋዜጠኞቹ ራሴ ላይ ቆመው ነበር።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛዋ ይበሉኝ። የስቶንፎርድ ጣቢያዋ ኬዚያ ቶላንድ።»

ሺሃን ስሙን ሲሰማ ቀና አለ። «ቶላንድ? የሩቤን ቶላንድ ዘመድ ናት?»

«ልጁ ነች» አለ ፒም፤ ከረሜላውን ማላመጡን አቆመ። የሺሃንን ታሪክ የማያውቅ ሰው ሃርዊክ ውስጥ የለም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በጭጋግ ጧት፣ ሁለት ባቡሮች ኮልድ ብሩክ ላይ ተጋጭተው ነበር። የመንገደኛውን ባቡር እንዲያቆም ለኮልድ ብሩክ ቴሌግራፈኛ መልእክት ተልኮለታል፤ እሱ ግን አላቆመውም። አልሰማሁም አለ። አጣሪዎቹ ተኝቶ ነበር አሉ። የዚያ ሰውዬ ስም ሩቤን ቶላንድ ነው። ከሞቱት አንዷ ደግሞ እህቷን ጠይቃ ስትመለስ የነበረችው የሺሃን ሚስት፣ ሆኖራ ናት። ሺሃን ፍርስራሹ ውስጥ ያወቃት በጫማዋ ነው። ቶላንድ ከሥራ ከመባረር በቀር ሌላ ቅጣት አላገኘውም። ሺሃን ያንን ሰው መንገድ ላይ ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልበረደለትም።

«እሷ ናት» አለ ሺሃን።

ፒም ራሱን ነቀነቀ። «አይደለችም። ብትሆንልዎ ደስ እንደሚልዎ አውቃለሁ፤ ግን አይደለችም። እሑድ በስቶንፎርድ ሜዳ ትልቅ የስብከት ጉባኤ ነበር። ስብከቱን ለጋዜጣው የላከችው እሷ ናት፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በሽቦ ስትልክ ዋለች። የተቀበልኳት እኔ ነኝ። የሷ እጅ ነው፤ መስቀል ጨብጬ እምላለሁ።»

«ሌላ ሰው አስመስሎ ቢሆንስ?»

«አባትዎ በድምፃቸው ቢጠሩዎ ሌላ ሰው ነው ይላሉ? እሷ ናት። እንዲያውም ተኮራርፈናል።»

«በምን?»

«መሃል ላይ አንድ ስም አመለጠኝ። እንዲህ ሲሆን መስመሩን አቋርጬ ‹ድገሚልኝ› እላለሁ። እሷም ጋ ድምፁ ስለሚጠፋ ወዲያው ታውቃለች። አቋረጥኳት፤ ዝም ብላ ቀጠለች። ደግሜ አቋረጥኳት፤ እንደ ግድግዳ! ሁለት መስመር ሙሉ አስመለጠችኝ። ወትሮ እንዲህ አይደለችም፤ መሃል ላይ ቀልድ ሁሉ ትልክልኛለች። ኋላ ሲያልቅ ብጠይቃት ‹ሽቦው በዝናብ ርሶ ነው› ብላ ያመለጠኝን ደገመችልኝ። የኔ ሽቦ ግን ደህና ነበር።»

ሺሃን ይህን ሰምቶ ወጣ። ወዲያው ምንም አልመሰለውም። ልቡ ውስጥ ያለው ያ ስም ብቻ ነበር።

በነጋታው በባቡር ወደ ስቶንፎርድ ወጣ። ሜዳው ላይ የጉባኤው ድንኳኖች እየተነቀሉ ነው። ሐዲዱ ተራራውን ዞሮ ስለሚሄድ ጉዞው ረዘም ይላል። ጣቢያው አንዲት ክፍል ናት። ኬዚያ ቶላንድ ከመሣሪያዋ ፊት ተቀምጣለች፤ ቀጭን ናት፣ ፀጉሯን ወደኋላ ጠበቅ አድርጋ አስራዋለች። ማን እንደሆነ ከመናገሩ በፊት ብድግ አለች።

«እርስዎ የሆኖራ ሺሃን ባል ነዎት።»

ሺሃን ይህንን አልጠበቀም። «እንዴት አወቅሽ?»

«የሞቱትን ሁሉ ስም፣ የዘመዶቻቸውንም ፊት አውቃለሁ። አባቴ ራቱን ከመብላቱ በፊት አንድ በአንድ ይጠራቸዋል። ሚስትዎ ከሕፃኑ ቀጥላ ነች።»

«እሱም ራት ይበላል እንዴ?» አለ ሺሃን። የመረረው ምላሱ ቀድሞት ነበር።

ልጅቱ ዓይኗን አልሰበረችም። «ጥቂት ይበላል። ምን ልርዳዎ?»

«እሑድ ስብከት ስትልኪ ዋልሽ አሉ።»

«አዎ።»

«ሰባኪው ግን አልጨረሰም። ድንኳን ነቃዮቹን ጠይቄያቸዋለሁ። ዝናቡ ሕዝቡን መሃል ላይ በትኖታል። ጋዜጣው ላይ ግን እስከ አሜን ድረስ ወጥቷል።»

«ጽሑፉን ቅዳሜ ሰጥቶኛል» አለች ረጋ ብላ። «ዝናቡ ያቋረጠው ሰባኪውን ነው፤ ወረቀቱን አላቋረጠውም።»

«ክሬንን ታውቂው ነበር?»

«በመሣሪያው የምሠራበት ሰው ነው። ሞተ ሲሉ ሰማሁ።»

«አዘንሽ?»

«እርስዎ አዝነዋል?»

የሺሃን ዓይን ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ከመሣሪያዋ ጎን አንድ ከባድ ነገር ተነስቶ ባዶ ቦታ ቀርቷል። የብሎኖቹ ቀዳዳ ገና አዲስ ነው፤ የእንጨቱ ፍቅፋቂም አልጠቆረም።

«እዚህ ምን ነበር?»

«አሮጌ ባትሪ። ተበላሽቶ ጣልነው።»

ሲመለስ ባቡር አልተሳፈረም። ከጣቢያው ጀርባ በድንጋይ መፍለጫው በኩል ተራራውን የሚያቋርጥ የእግር መንገድ አለ፤ እሱን ያዘ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ወርዶ የት አደረሰው? ከክሬን መጠለያ የኋላ በር! በባቡር ከሚፈጀው ባነሰ ጊዜ መድረሱ ነው።

መጠለያው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እግር አላት፤ መንገድ አላት፤ እጇም እንደ ደወሉ የጠራ ነው። የሌላት ነገር ቢኖር ሁለት ቦታ የምትሆንበት አካል ነው። ይህን ሲያስብ የፒም ማጉረምረም ጆሮው ላይ አቃጨለ። «አቋረጥኳት፤ ዝም ብላ ቀጠለች።» ሰው ቢቋረጥ ይቆማል፤ ቢበሳጭ እንኳ ይሳደባል። ሲያቋርጡት የማያውቅ ምንድን ነው? ጆሮ የሌለው ነገር ነው።

ሺሃን ብድግ ብሎ ወደ ወይዘሮ ክሬን ቤት ገሰገሰ።

«ወይዘሮ፣ ባለቤትዎ ያለ ሰው በራሱ የሚመታ መሣሪያ ሠርቶ ያውቃል?»

ሎራና ክሬን ከወንበሯ ተነሳች። ከዚያ ቁልፍ አንስታ ወደ ሥራ ክፍሉ ወሰደችው። ጥግ ላይ ጨርቅ የለበሰ ነገር ነበር፤ ገለጠችው። እንደ ሰዓት በጥምዝ የብረት ሞላ የሚዞር፣ ሰም የተቀባ ወረቀት የተጠቀለለበት መሣሪያ ነው። መምቻውን ይዛ እንደነገሩ መታ መታ አደረገችው፤ መርፌዋ ሰሙን ወጋ ወጋ አደረገችው። ወረቀቱን መልሳ ሞላውን ለቀቀችው። መሣሪያው ያለ እጅ፣ ራሷ እንደመታችው፣ ከነመንተባተቧ ደገመው።

«‹እጅን ከነአመሉ ይገለብጣል› ይል ነበር» አለች።

«ስንት ነው የሠራው?»

«ሁለት። አንደኛው ለሙከራ መስመሩ ላይ ነው።»

«ለማን ሰጠው?»

ሎራና ጨርቁን መልሳ አለበሰችው።  «ለቶላንድ ልጅ። ‹ከሷ የተሻለ እጅ የለም› አለኝ። እንዴት አስቻለህ አልኩት። ‹አባቷን ረስታዋለች፤ ዳቦ ነው የምትፈልገው› ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።»

«ምን ማለትዎ ነው? እንዴት አስቻለህ ማለት?»

ሴትዮዋ ተቀመጠች። 

«ሚስትዎ እዚያ ባቡር ላይ እንደነበረች አውቃለሁ። ስለዚህ ቆመው አይስሙኝ፤ ይቀመጡ።»

ሺሃን አልተቀመጠም።

«ኮልድ ብሩክ ላይ የነበረው አዲሱ የባሌ መሣሪያ ነው። ጭጋግ ሲሆን ውስጡ ያለችው ሞላ ትጣበቃለች፤ ጥሪ ቢመጣ ድምፅ አታሰማም። ከግጭቱ በፊት ያውቅ ነበር፤ እራት ላይ ነግሮኛል፤ ‹ክረምቱ ሳይገባ አስተካክላታለሁ› ብሎኛል። ግጭቱ ደረሰ። አጣሪዎቹ ፊት ቀርቦ ‹መሣሪያዬ እንከን የለበትም፤ ሰውየው ተኝቷል› አለ። ከዚያ በዚያው ወር በየጣቢያው እየዞረ ሞላዎቹን በሙሉ ለወጠ። ለማጽዳት ነው ብሎ።»

«እርስዎ ዝም አሉ።»

«ዝም አልኩ። አሁን ግን በፈለጉት ሰው ፊት እናገራለሁ። የምፈራው ሰው ሞቷል።»

ሺሃን እንዴት እንደወጣ አላወቀም። ዘጠኝ ዓመት አንድ ሽማግሌ ሲጠላ፣ ለካ እውነተኛውን ሰው በመንገድ ሲያገኘው ባርኔጣውን እያነሳ ሰላም ይለው ነበር። ክሬን ከሞት ቢነሳለትና እሱ ራሱ ቢገድለው ተመኘ። ይህ ምኞት እንደ ትኩስ መጠጥ ደረቱን አሞቀው፤ ሙቀቱ ደስ ስላለውም ራሱን ፈራ።

ስቶንፎርድ ሲደርስ ኬዚያ ቶላንድ ኮቷን ለብሳ፣ መሣሪያዋን ወልውላ ተቀምጣለች። ከበር ሲገባ ፊቱን አይታ ሁሉን ተረዳች።

«ነገረችዎ አይደል? የክሬን ሚስት።»

«ነገረችኝ። መሣሪያው የት ነው?»

«የድንጋይ መፍለጫው ኩሬ ውስጥ። ጥልቅ ነው፤ ግን ታገኙታላችሁ።»

ሺሃን ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «ቅዳሜ ስብከቱን በእጅሽ መትተሽ መሣሪያው ላይ አስቀመጥሽው። እሑድ ለፒም ደህና ዋልክ አልሽው፤ መሣሪያውን ለቀቅሽውና በተራራው ወረድሽ።»

«አዎ። ፒም እንደሚያቋርጠኝ መጠርጠር ነበረብኝ። ሰነፍ ነው፤ ስም ይከብደዋል።»

«ክሬንንስ?»

ልጅቱ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። 

«ስለ መሣሪያው ልነግርህ እመጣለሁ ብዬ ቀጠርኩት። መጀመሪያ ለመንኩት። ይህንን ጻፉልኝ። ለመንኩት! አገረ ገዢው በሚመጣበት ቀን፣ በሕዝቡ ፊት፣ አንዲት ቃል ተናገር፤ ‹ቶላንድ አልተኛም› በል፤ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩት። ሳቀ። ‹አዎ፣ ያኔ ይጣበቅ ነበር፤ አሁን አይጣበቅም፤ ነገር የሚሻሻለው እንዲህ ነው› አለኝ። እንዲህ ነው! የሞቱት የሞላ መሞከሪያ ነበሩ። አባቴም እንደዚያው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ባቡሩን ሊያሳየኝ ፈለገ። ከሱ ጋር ክፉ ደግ ተነጋግሬ፣ እሱ ባቡሩን ሊያሳየኝ! እጀታውን ራሱ ሰካው። ‹እስቲ በዚያ ቆንጆ እጅሽ ደወሉን ምቺልኝ› አለና በግድግዳው በኩል የታሰረውን ሰንሰለት ሊፈታ ወረደ። መታሁለት። ፉርጎው ላይ ወጣሁ፤ እጀታውን ያዝኩ። ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ያኔ ማዞር እችል ነበር። ጠበቅኩት። ቀና ብሎ እንዲያየኝ ጠበቅኩት። ሲያየኝ ‹ሩቤን ቶላንድ አልተኛም› አልኩት። ከዚያ አዞርኩት።»

ከውጭ አንድ ፈረስ ሲያንኮራፋ ተሰማ። 

«ከዚያ ደወሉን ደግመሽ መትተሽ ኃይሉን አዘጋሽ። እጀታውንስ ለምን መልሰሽ ሰቀልሽው? ባትነኪው አደጋ ነው ብለን እንቀብረው ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለች መሰለች። «አላሰብኩበትም። አባቴ ያሳደገኝ እንዲህ ነው፤ ነገር ከቦታው ካልተመለሰ አይሆንልኝም።»

«ተጸጽተሻል?»

«አልተጸጸትኩም። እርስዎስ ይጸጸቱ ነበር?»

ሺሃን ፖሊስ ነው። ተነስቶ በሩን ከፈተላት፤ ካቴናውን ግን ከኪሱ አላወጣውም።

«ልወስድሽ ነው።»

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። አባቴ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። ሄደው ራስዎ ይንገሩት። እንዳልተኛ ሚስቱ ከሞተችበት ሰው አፍ ይስማው።»

ሩቤን ቶላንድ የሚኖረው በሃርዊክ ቆዳ ፋቂዎች ሰፈር፣ መስኮቱ በሳንቃ በተመታ ቤት ነው። መስተዋት ቢገባለት የሰፈሩ ልጆች በድንጋይ ያወርዱታል። ሺሃን ኬዚያን እስር ቤት አስገብቶ መጥቶ ሲያንኳኳ ሽማግሌው በሩን ከፍቶ አየው፤ አወቀውም። ወደኋላ አላለም። አንገቱን ደፍቶ እንደ ልማዱ ስድቡን ጠበቀ።

«አቶ ሩቤን» አለ ሺሃን። «መሣሪያው ነው ድምፁን የዘጋው። ክሬን ያውቅ ነበር። እርስዎ አልተኙም።»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«እኔማ አውቃለሁ፣ ልጄ» አለ። «እኔ እዚያ ነበርኩ። ሌላው ሰው ነው የማያውቀው።» ከዚያ ከሺሃን ትከሻ ጀርባ ወደ መንገዱ ተመለከተ። «ኬዚያ ናት የነገረችህ? የት ነች? በዚህ ሰዓት ትመጣ ነበር።»

ሺሃን ነገረው። ያንን ሁሉ ዓመት ይህ ሰው ሲያለቅስ ለማየት ተመኝቷል። አሁን ሽማግሌው በሩን ተደግፎ ቁልቁል ሲንሸራተት፣ ብብቱን ይዞ ያነሳው እሱ ነበር።

«ተዪው ብያት ነበር» አለ ሩቤን ቶላንድ። «ስንት ጊዜ ተዪው አልኳት! ስሜን ምን ያደርግልኛል፤ ራቴን አብራኝ የምትበላ ልጅ ነበረችኝ። ይበቃኝ ነበር። አላመነችኝም።» እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ። «ኮቴን አቀብለኝ። ውሰደኝ።»

ወደ እስር ቤቱ የሚወስደው መንገድ በዋናው ጎዳና ነው። ሽማግሌው በቀን ብርሃን ያንን ጎዳና ከረገጠ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የብላይ ትራም ቆሞ ሰው ያወርዳል፤ የወረደው ሁሉ ባለበት ቆመ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ከዳቦ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ያ እንቅልፋም ነው!» አለና እግራቸው አጠገብ ምራቁን ተፋ።

ሺሃን ቆመ። የሽማግሌውን ክንድ ሳይለቅ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«አልተኛም!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ከጎዳናው ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። «ስሙኝ! ሩቤን ቶላንድ አልተኛም! ሚስቴን የገደለው ክሬን ነው! ምራቁን የሚተፋ ሰው ካለ መቃብሩ ላይ ሄዶ ይትፋ!»

 ዳቦ ቤቱ በር ላይ የነበረው ሰው ወደ ውስጥ ገባ። ሺሃን ገና አልጨረሰም፤ ደረቱ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ጩኸት ተከማችቷል። ሽማግሌው ግን እጅጌውን ጎተት አደረገው። ሕዝቡን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየውም።

«በቃ ልጄ፣ እነሱ ይቆዩ» አለው። «ቶሎ አድርሰኝ። ብቻዋን ናት።»